የመጀመሪያው ፊደል ምን ያህል ይናገራል?

ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ሲወጡ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፣ እንጦጦን ተሻግረው በጎጃም መንገድ ሲሄዱ ደግሞ ሱሉልታ ይገኛሉ። በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች አጎራባች ከተሞች ጋር በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት እነዚህ ሦስቱ፣ የቋንቋን ነገር ለሚከታተል ሰው የተለየ ፈተና ያቀርባሉ። እዚያ የሚያድግ ልጅ እቤቱ አፋን ኦሮሞ ወይም አማርኛ፣ ብዙ ጊዜም ሁለቱንም ይሰማል። ብዙዎቹ ልጆች እስከ ስምንተኛ ክፍል አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ በቁቤ፣ ይማራሉ፤ ታክሲ ውስጥና ገበያ ላይ የግዕዝ ፊደል ያነባሉ፤ ዘጠነኛ ክፍል ሲገቡ ደግሞ ሒሳቡም ፊዚክሱም በእንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል። በዚያ ጊዜ እንግሊዝኛ በቅድሚያ የቃላት ክምር ሆኖ ይታያል፤ ክምሩን ለማቅለል የኖረው ዘዴ ደግሞ በፊደል ተራ መደርደር ነው። በኤ የሚጀምሩ፣ በቢ የሚጀምሩ እየተባለ ደብተር ይሞላል። ከዚህ ልማድ ጀርባ እምብዛም ያልተመረመረ ጥያቄ ተቀምጧል፤ በአንድ ዓይነት ፊደላት የሚጀምሩ የእንግሊዝኛ ቃላት በትርጉምም ይዛመዳሉ ወይ? አንዳንዱ «አነሣሡን ካወቅህ ትርጉሙን ትደርስበታለህ» ይላል። ሌላው «ፊደል ምልክት ነው፣ ከትርጉም ጋር ምን አገናኘው» ብሎ ይዘጋዋል። ማስረጃውን ሰብስቦ ላየ ሰው ሁለቱም አይበቁም። ዝምድናው አለ፤ ነገር ግን የሚያገለግለው ያወቁትን ቃል ለማጽናት ነው፤ ያላወቁትን ለመገመት ሲጠቀሙበት ያሳስታል። የሸገር ተማሪ ደግሞ ይህን ለመረዳት ከእንግሊዝ ልጅ የተሻለ መነሻ አለው፤ አስተማሪዎቹ ግን እንዲጠቀምበት አላደረጉትም።

መጀመሪያ ቀላሉን ከመንገድ እናንሣ። የእንግሊዝኛ መማሪያ መጻሕፍት «ቅድመ ቅጥያ» እያሉ የሚዘረዝሯቸው ክፍሎች አሉ፤ ማፍረሻው «አን»፣ መድገሚያው «ሪ»፣ መካከልን የሚያመለክተው «ኢንተር»። እነዚህ በእርግጥ ትርጉም ያላቸው የቃል ክፍሎች ናቸው፤ ተማሪው ቢያጠናቸው ይጠቀማል። ጣጣው የሚመጣው ፊደሉ ተመሳሳይ ሆኖ ቅጥያው በሌለበት ነው። አጎትን የሚያመለክተው «አንክል» በዩ እና በኤን ይጀምራል፤ የሚያፈርሰው ነገር ግን የለም። «ሪድ» ማንበብ ነው፤ የሚደገም ነገር የለውም። ከሁሉ የከፋው «ኢንፍላመብል» ነው። «ኢን» አሉታ ነው ብሎ የተማረ ሰው «የማይቀጣጠል» ብሎ ያነበዋል፤ ትርጉሙ ግን በቀላሉ የሚቀጣጠል ማለት ነው። ኬሚካል በሚገባባቸው የሰበታ ፋብሪካዎች በርሜል ላይ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ቢገኝ፣ የቅጥያ ሠንጠረዥ የሸመደደው ሰው ምንም ካልሸመደደው ይልቅ አደጋ ላይ ነው።

የሚያከራክረው ክፍል ከዚህ በኋላ ይመጣል። እንግሊዝኛ ውስጥ ቅጥያ ያልሆኑ፣ ተነጥለው ትርጉም የማይሰጡ፣ ግን በሚጀምሯቸው ቃላት ላይ አንድ ዓይነት ስሜት የሚያሳርፉ የድምፅ ጥንዶች አሉ። ጂ እና ኤል ተከታትለው ሲጀምሩ «ግሎው»፣ «ግሊም»፣ «ግሊተር»፣ «ግሊመር»፣ «ግሊስን» ይመጣሉ፤ ሁሉም ብርሃን ነክ ናቸው። ኤስ እና ኤን ሲጀምሩ ማንኮራፋቱ «ስኖር»፣ ማነጠሱ «ስኒዝ»፣ ማሽተቱ «ስኒፍ»፣ የእንስሳው አፍንጫ «ስናውት» ይሰለፋሉ። ነገሩን አስቀድመው ካስተዋሉት አንዱ የሒሳብ ሊቁ ጆን ዋሊስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1653 በላቲን ባሳተመው የእንግሊዝኛ ሰዋስው ደብልዩ እና አር የሚጀምሯቸው ቃላት መጣመምን እንደሚያመለክቱ ጽፏል። እውነትም መጠቅለያው «ራፕ»፣ ልብስ ጠምዝዞ መጭመቁ «ሪንግ»፣ የእጅ አንጓው «ሪስት»፣ ብሎን መፍቻው «ሬንች» በእነዚህ ፊደላት ይጀምራሉ። ስሕተትን የሚያመለክተው «ሮንግ» እንኳ በጥንቱ ትርጉሙ ጠማማ ማለት ነበር፤ «ጠማማ» የሚለውን ለእንጨትም ለሰው ጠባይም የሚጠቀም አማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል፤ ደብልዩው ዛሬ አይነበብም። ጆሮ የረሳውን ዝምድና የያዘው ጽሕፈቱ ብቻ ነው።

እነዚህን ጥንዶች እ.ኤ.አ. በ1930 «ፎነስቲም» ብሎ የሰየማቸው እንግሊዛዊው የቋንቋ ሊቅ ጄ. አር. ፈርዝ ነው። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ጉዳዩ የቃላት ሰብሳቢዎች መዝናኛ ሆኖ ቆየ፤ የወደደ ምሳሌ ይደረድራል፣ ያልወደደ ተቃራኒ ምሳሌ ይደረድራል። ክርክሩን ከዚያ ያወጣው ቤንጃሚን በርገን እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተመው ጥናት ነው። በርገን አስቀድሞ ቆጠረ። በመረመረው የቃላት ስብስብ በጂ እና ኤል ከሚጀምሩት ቃላት ከ100 ወደ 39 የሚሆኑት ከብርሃን ወይም ከማየት ጋር የተያያዙ ሆነው ተገኙ፤ ቃላቱ በጽሑፍ ውስጥ የሚመላለሱበት መጠን ሲታይ ደግሞ ድርሻቸው ወደ 60 ከመቶ ወጣ። ለኤስ እና ኤን ጥንድ ከቃላቱ ከ100 ወደ 28 የሚሆኑት አፍንጫና አፍ ነክ ነበሩ። ቀጥሎ ቃላት ጥንድ ጥንድ እያደረገ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች አሳየ። በአነሣሥም በትርጉምም የሚገጥሙት ጥንዶች፣ በአነሣሥ ብቻ ወይም በትርጉም ብቻ ከሚገጥሙት ይልቅ በፍጥነት ታወቁ። ስለዚህ ዝምድናው የመዝገበ ቃላት አጋጣሚ ብቻ ሳይሆን በተናጋሪው አእምሮ ውስጥ የሚሠራ ነገር ነው። ይሁንና ቁጥሩን ገልብጦ ማንበብም ያሻል። ከ100 ወደ 39 ከሆኑ፣ 61 የሚሆኑት ስለ ብርሃን አይደሉም ማለት ነው። በመዝገበ ቃላት ተራ የእጅ ጓንቱ «ግላቭ» ከ«ግሎው» በፊት፣ ማጣበቂያው «ግሉ» ደግሞ ጥቂት ዝቅ ብሎ ይገኛሉ። በፊደሉ ብቻ የሚገምት ተማሪ ከሁለት ጊዜ ከአንድ በላይ ይስታል። ኤስ እና ኤን ላይማ ይባስ፤ ከአራት ወደ ሦስት ጊዜ የሚጠጋ ይሳሳታል።

የተቃዋሚዎቹ አለቃ የቋንቋ ሊቁ ፈርዲናንድ ደ ሶሱር ነው። እርሱ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1916 የታተመው ትምህርቱ በድምፅና በትርጉም መካከል ያለው ትስስር ስምምነት እንጂ ተፈጥሮ እንዳልሆነ ያስተምራል። እኛ «ዛፍ» ስንል ኦሮምኛ ተናጋሪው ጎረቤታችን «ሙከ» ይላል፣ እንግሊዙም «ትሪ» ይላል፤ ዛፉ ግን አንድ ነው። ሶሱር ድምፃቸው ትርጉማቸውን የሚመስል የፈረንሳይኛ ቃላትን አንሥቶ ታሪካቸውን በመከተል መልሷል፤ የደወል ኀዘን የሚመስለው «ግላ» ከላቲኑ «ክላሲኩም» የመጣ ነው፤ ሲፈጠር ደወል አያስተጋባም ነበር። በዚሁ መንገድ የሚሄድ ሰው ስለ እንግሊዝኛውም መልስ አለው፤ ወርቅን፣ ቢጫን፣ መስተዋትንና ማብረቅረቅን የሚያመለክቱት ብዙዎቹ ቃላት ከአንድ ጥንታዊ ግንድ የወጡ ዘመዳሞች ናቸው፤ መመሳሰላቸው የሥጋ ዝምድና ብቻ ነው ይላል። መልሱ ግማሽ እውነት አለው። ትውልድ ቤተሰቡ ከየት እንደመጣ ይነግራል፤ ባዕዳን ቃላት ለምን ወደ ቤተሰቡ እንደሚገቡ ግን አይነግርም። ማስረጃው «ግላመር» ነው። ዛሬ የፊልም ተዋናይ ድምቀትን የሚያመለክተው ይህ ቃል የወጣው፣ ማንም ሊገምተው ከማይችለው ቦታ፣ ሰዋስው ከሚባለው «ግራመር» ነው። በስኮትላንድ የመጽሐፍ እውቀት ከአስማት ጋር ተቆራኝቶ ይታይ ስለነበር ቃሉ አሩን በኤል ለውጦ «ድግምት» ማለት ሆነ፤ ጂ እና ኤል ካገኘ በኋላ ደግሞ ቀስ እያለ ወደ ብልጭልጩ ወገን ተሳበ። ደም ያላዛመደውን አነሣሡ አዛመደው። የሰዋስው ትምህርት ለሚያሰለቻቸው ተማሪዎች የዚህ ቃል ታሪክ ሳይነገራቸው መቅረቱ ያሳዝናል።

ይህን ሁሉ ለሰበታ ልጅ የባዕድ ወሬ የሚያደርገው፣ የእርሱ ቋንቋዎች በዚህ በኩል ከእንግሊዝኛ የሚበልጥ ሀብት እንዳላቸው አለማሳየት ነው። አማርኛን እንውሰድ። ነ እና ፈ የሚከተሉባቸውን ቃላት ሰብስቡ፤ ነፋ፣ ነፈሰ፣ ንፋስ፣ ነፍስ፣ ትንፋሽ፣ ንፍጥ፣ ተናፈጠ፣ አነፈነፈ። እንግሊዝኛው በኤስ እና ኤን ያደረገውን፣ የአፍንጫንና የትንፋሽን ቤተሰብ፣ አማርኛ በነ እና ፈ አድርጎታል። ቀ እና ረ ደግሞ ስለት ይይዛሉ፤ ቆረጠ፣ ቆረሰ፣ ቆረጠመ፣ ቀረጠፈ፣ ቀረጸ፣ ቅርፊት። ፈ እና ለ ይሰነጥቃሉ ወይም ያወጣሉ፤ ፈለጠ፣ ፈለቀ፣ ፈለፈለ፣ ፈለቀቀ። ሴማዊ ቋንቋዎች ሦስት ተነባቢ ባለው ሥር ላይ ይቆማሉ ተብሎ ይታወቃል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ተነባቢዎች ጠቅላላውን ሐሳብ ይዘው ሦስተኛው ያጠበዋል የሚለው ግምት ግን ከብዙ ዘመን ጀምሮ አከራክሯል። ድምፅና ትርጉም ይገጥማሉ ከሚሉት የቀድሞ ሊቃውንት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1002 ያረፈው የዐረብኛ ሊቅ ኢብን ጂኒ ነው፤ እንደ ሐብሐብ ያለ ለስላሳ ነገር መብላትን «ኸዲመ»፣ ደረቅ ነገር መቆርጠምን «ቀዲመ» ያሉት ኸው ለስላሳ፣ ቀው ጠንካራ ስለሆነ ነው ብሎ አስተምሯል። ቆሎ ሲቆረጠም የሚሰማውን ቀ ለሚያውቅ ጆሮ ይህ ብዙ አይርቅም።

እዚህም ላይ ግን በራስ ቋንቋ መመካት ዓይንን እንዳያሳውር መጠንቀቅ ነው። ነፈገ ከትንፋሽ ጋር ምንም የለውም፤ ንፍሮም ከአፍንጫ አይገናኝም። ቀረበና ቀረ አይቆርጡም። ፈለገ፣ በዛሬው አማርኛ፣ አይፈልጥም። በእንግሊዝኛው የተቀመጠው ልክ ለአማርኛውም ይሠራል፤ ዝንባሌ አለ፣ ሕግ የለም። ከዚህ ሌላ አማርኛ የራሱ የሆነ ውስብስብ ነገር ይዟል፤ የቃሉ መጀመሪያና የሥሩ መጀመሪያ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። አነፈነፈ በአ ይጀምራል፣ ሥሩ ግን ከነ ነው። ይመጣል፣ ትመጣለች፣ እመጣለሁ ሲባል የመጀመሪያው ፊደል የመምጣትን ሐሳብ አይነካም፤ የሚናገረው መጪው ማን እንደሆነ ነው። በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግዕዝ መዝገበ ቃላት ቃላቱን በሥራቸው ያሰፈረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ፈላጊው ጭማሪውን ገፎ ሥሩን ሳያገኝ ቃሉን አያገኝም። በሌላ አነጋገር አማርኛ የሚያውቅ ተማሪ «አነሣሥ» የሚባለው ነገር ሁለት ዓይነት መሆኑን፣ አንዱ ልብስ ሌላው አካል መሆኑን፣ ሳያጠናው ያውቃል። የእንግሊዝኛን ቅጥያና የእንግሊዝኛን ፎነስቲም ለመለየት የሚያስፈልገው እውቀት ይኸው ነው።

አፋን ኦሮሞ የሚያስተምረው ሌላ ነው። አድራጊውን የሚናገረው በአብዛኛው በቃሉ መጨረሻ ነው፤ ዱፈ፣ ዱፍቲ፣ ዱፍነ ሲባል መምጣቱ ፊት ላይ ይቆማል፣ የሚመጣው ማን እንደሆነ ኋላ ይነገራል። ስለዚህ ኦሮምኛ ተናጋሪ የቃሉን ፊት ሲሰማ ዋናውን ሐሳብ ይጠብቃል፤ እንግሊዝኛም በዚህ በኩል ለእርሱ ይቀርባል። ከዚያ በላይ ግን ኦሮምኛ በቃሉ ፊት ላይ እንግሊዝኛ የማያውቀውን ሥራ ይሠራል። መቁረጥ «ኩቱ» ነው፤ ደጋግሞ መቆራረጥ «ኩኩቱ» ይሆናል። መስበር «ጨብሱ»፣ መሰባበር «ጨጨብሱ»። ትልቅ «ጉዳ»፣ ትላልቅ «ጉርጉዳ»። የመጀመሪያው ድምፅ ሲደገም ድርጊቱ ወይም ብዛቱ ይደገማል። አማርኛ ይህንኑ በቃሉ ወገብ ላይ ያደርገዋል፤ ቆረጠ ቆራረጠ ይሆናል። ከዚህ ሁሉ የሚያምረው «ኩን» እና «ሱን» ነው፤ የቅርቡ «ይህ» በከ፣ የሩቁ «ያ» በሰ ይጀምራል። «ከነ» እና «ሰነ»ም እንዲሁ። ከመጀመሪያዋ ድምፅ በቀር ሌላው አንድ ነው፤ ርቀቱን የምትሸከመው አንዷ ድምፅ ናት።

ይህ የሚያደርሰን በእንግሊዝኛ ውስጥ አነሣሥ እውነተኛ ዋጋ ወዳለው ትንሽ ሜዳ ነው፤ የሚገርመው፣ ስለ ብርሃንና ስለ አፍንጫ የሚጽፉት ብዙ ጊዜ ያልፉታል። ጠያቂዎቹ «ዋት»፣ «ዌን»፣ «ዌር»፣ «ዋይ»፣ «ዊች» በደብልዩ እና ኤች ይጀምራሉ፤ ማንን የሚጠይቀው «ሁ» እንኳ በድምፅ ቢለይም በጽሕፈት አብሯቸው ነው። ጠቋሚዎቹ «ዚስ»፣ «ዛት»፣ «ዜር»፣ «ዜን» በቲ እና ኤች ይጀምራሉ። አንዱ ወገን ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል፤ «ዌር» ሲባል «ዜር» ይባላል፣ «ዌን» ሲባል «ዜን»። አማርኛችን ማን፣ ምን፣ መቼ ይላል፤ ኦሮምኛው ማል፣ ማሊፍ፣ ሜቀ ይላል፤ ደግሞም ማንንና የትን ሲጠይቅ «ኤኙ» እና «ኤሳ» ይላል። ስሎኒምስካና ሮበርትስ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት በብዙ ቋንቋዎች የጥያቄ ቃላት በአንድ ቋንቋ ውስጥ በተመሳሳይ ድምፅ የመጀመር ዝንባሌ እንዳላቸው አሳይተዋል፤ የሰጡት ምክንያትም አሳማኝ ነው፤ ሰሚው ጥያቄ እየመጣ መሆኑን በመጀመሪያው ድምፅ ካወቀ መልስ ለማዘጋጀት ጊዜ ያገኛል። በእኔ ፍርድ፣ ስለ አነሣሥ ከሚነገረው ሁሉ ለተማሪ አስቀድሞ የሚገባው ይህ ነው። ቃላቱ ጥቂት ናቸው፣ በየዓረፍተ ነገሩ ይመጣሉ፣ ዝምድናቸውም ከግምት ያለፈ ነው።

ከዚህ አልፎ «ድምፅ በዓለም ቋንቋዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ትርጉም አለው» የሚል ክርክርም ይነሣል። ራማቻንድራንና ሀባርድ እ.ኤ.አ. በ2001 ያስተዋወቁት ፈተና ይታወቃል፤ ክብና ሾጣጣ ቅርጽ ቀርቦላቸው «ቡባ» የትኛው፣ «ኪኪ» የትኛው ተብለው ሲጠየቁ እጅግ ብዙዎቹ ሰዎች ክቡን ቡባ ይላሉ። በ2016 እ.ኤ.አ. ብላሲና ባልደረቦቹ ከዓለም ቋንቋዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን የቃላት ዝርዝር መርምረው፣ የአፍንጫ ስሞች ከአጋጣሚ በላይ ንን፣ የምላስ ስሞች ደግሞ ልን እንደሚያዘወትሩ አሳዩ። አማርኛ በሁለቱም ይገጥማል፤ አፍንጫ ውስጥ ን አለ፣ ምላስ ውስጥ ል። ኦሮምኛው በአፍንጫ ይገጥማል፣ «ፉኛን» ነውና፤ ምላስ ላይ ግን «አረበ» ብሎ ይወጣል። ይህ ጥናቱን አያፈርስም፤ ጥናቱም ሁሉም ይገጥማል አላለምና። የሚያፈርሰው ጥናቱን ለቃል መገመቻ የሚያውለውን ሰው ነው።

አሁን ሁሉም የሚዘነጋውን እንቅፋት እንይ። እስካሁን «ፊደል» እና «ድምፅ» እያቀያየርን ተናግረናል፤ በሸገር ከተሞች ግን ሁለቱን መቀላቀል ዋጋ ያስከፍላል። በ1984 ዓ.ም. በይፋ ሥራ ላይ የዋለው ቁቤ የላቲን ፊደላትን ነው የሚጠቀመው፤ ቅርጻቸው የእንግሊዝኛው ሲሆን ድምፃቸው የኦሮምኛው ነው። ሲ ጨ ትባላለች፣ ኤክስ ጠ ትባላለች፣ ኪው ቀ ትሆናለች፤ ፒ እና ኤች ሲጣመሩ ጰ ይሆናሉ። ኤስ እና ኤች፣ ሲ እና ኤች ግን በሁለቱም ቋንቋዎች ሸ እና ቸ ስለሚሆኑ ተማሪው ሁሉም እንዲህ ነው ብሎ ይተማመናል። ቡራዩ ዋና መንገድ ላይ ያለ መድኃኒት ቤት ስሙን በሦስት ቋንቋ ቢጽፍ፣ የኦሮምኛው «ፋርማሲ» በኤፍ ይጀምራል፣ የእንግሊዝኛው በፒ እና ኤች፤ አንደበት ላይ አንድ የሆነው ቃል ሰሌዳው ላይ ሁለት አነሣሥ አለው። «ኮምፒዩተር»ም በኦሮምኛ በኬ፣ በእንግሊዝኛ በሲ ነው። ይህ ልጅ ቃላቱን በመጀመሪያ ፊደል ሲደረድር የሚደረድረው የትኛውን ነው?

ከፊደሉ የባሰው ድምፁ ነው። አማርኛም ኦሮምኛም ቃልን በሁለት ተነባቢ ድርብርብ ማስጀመር አይወዱም፤ መሐል አናባቢ ያስገባሉ ወይም ፊት ላይ ያክላሉ። እስክሪብቶ፣ እስታዲየም የምንለው ለዚህ ነው፤ ኦሮምኛው ስፖርትን «ኢስፖርቲ» ብሎ በኢ ያስጀምረዋል። የእንግሊዝኛ ፎነስቲሞች ደግሞ አብዛኞቹ ድርብርብ ተነባቢዎች ናቸው፤ ጂ እና ኤል፣ ኤስ እና ኤን፣ ኤስ እና ኤል፣ ሲ እና አር። እንግሊዙ በአንድ ትንፋሽ የሚያወጣውን «ግል» የእኛ ሰው «ጊል» ብሎ ለሁለት ሲከፍለው፣ ቤተሰቡን የሚያስታውቀው ምልክት ተሰነጠቀ ማለት ነው። የበርገን ውጤት በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ላይ የተገኘ መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል፤ በቀጥታ ወደ ሱሉልታ ክፍል ማጓጓዝ አይቻልም። ተማሪው የድምፁን ቤተሰብ ከመጠቀሙ በፊት ድምፁን አንድ አድርጎ ማውጣት አለበት፤ ያ ደግሞ የአንደበት ልምምድ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ወጣ ያለ፣ ግን ነገሩን ከሌላ አቅጣጫ የሚያበራ ጉዳይ በሰበታ አለ። ከተማዋ የመርሐ ዕውራን የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት መገኛ ናት፤ ዓይነ ስውር ተማሪ የሚያነበው ብሬል ነው፤ አማርኛውም ኦሮምኛውም እንግሊዝኛውም በስድስት ነጥቦች ውስጥ ይገባሉ። የእንግሊዝኛ ብሬል ደግሞ ቦታ ለመቆጠብ ሲል የመጀመሪያውን ፊደል የሙሉ ቃል እንደራሴ የሚያደርግ አሠራር አለው። ኬ ለብቻዋ ስትቆም እውቀትን የሚያመለክተው «ኖውሌጅ» ትሆናለች፣ ፒ ብቻዋን «ፒፕል» ትባላለች። ደብልዩን ተመልከቱ፤ ለብቻው «ዊል» ነው፤ አምስተኛዋ ነጥብ ስትቀድመው ሥራን የሚያመለክተው «ወርክ» ይሆናል፤ አራተኛዋና አምስተኛዋ ሲቀድሙት «ወርድ»፣ ማለት ቃል፤ አራተኛዋ፣ አምስተኛዋና ስድስተኛዋ ሲቀድሙት «ወርልድ»፣ ማለት ዓለም። እዚህ የመጀመሪያው ፊደል በእውነት ቃሉን ይሸከማል፤ ሥራን፣ ቃልንና ዓለምን የሚያዛምድ ትርጉም ስላላቸው ግን አይደለም። የሶሱር ስምምነት በንጹሕ መልኩ የሚዳሰሰው እዚህ ነው። የመጀመሪያ ፊደል ትርጉም ሳይኖረው ጥሩ ማስታወሻ መሆን እንደሚችልም ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ለክፍል ውስጥ ሥራ ይህ ሁሉ ምን ይላል? በፊደል ተራ መሸምደድን የሚደግፉ ሰዎች የሚያነሡት ምክንያት ተግባራዊ ነው፤ ፈተናው ይደርሳል፣ ተማሪው ብዙ ነው፣ ሥርዓት ያለው ዝርዝር ከሌለ ምንም አይያዝም። ችግሩ ዝርዝሩ ራሱ ማደናገሩ ነው። ተመራማሪዋ ባትያ ላውፈር በቅርጽ የሚመሳሰሉ ቃላት ለውጭ አገር ተማሪ ዋነኛ የስሕተት ምንጭ መሆናቸውን አሳይታለች፤ ቶማስ ቲንክሃም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1993 በትርጉም የሚቀራረቡ አዲስ ቃላትን በአንድ ጊዜ ማጥናት እርስ በርስ እንዲጋጩና እንዲዘገዩ እንደሚያደርግ በሙከራ አገኘ። ማንኮራፋት፣ ማነጠስ፣ ማሽተት በአንድ ቀን፣ በአንድ ገጽ፣ በኤስ እና ኤን ሥር ቢቀርቡ ሁለቱም ጠንቆች ተደረቡ ማለት ነው፤ በቅርጽም በትርጉምም ይምታታሉ። ተማሪው ሳምንቱን ሙሉ አጥንቶ የሚያስታውሰው ነገሩ ስለ አፍንጫ መሆኑን ብቻ ይሆናል።

የተቃራኒው ወገንም ማስረጃ አለው። ኢማይና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ሥራ ድምፁ ከድርጊቱ ጋር የሚገጥም አዲስ ግሥ ለሦስት ዓመት ልጆች ቀልሎ እንደተገኘ አሳይተዋል፤ ስለዚህ የድምፅና የትርጉም ግጥምጥም መማርን ይረዳል ይላሉ። ሁለቱ ግኝቶች የሚጣሉ ይመስላሉ፤ ቅደም ተከተሉን ካስተካከሉት ግን አይጣሉም። አንዲት ግሥ ድምፅዋ ከድርጊቷ ጋር ሲገጥም ትቀላለች፤ አምስት ተመሳሳይ ግሦች አብረው ሲመጡ ይከብዳሉ። ስለዚህ «ግሎው» በአንድ ምንባብ፣ «ግሊተር» ከወር በኋላ በሌላ ምንባብ ይማር፤ ሁለቱንም ካወቀ በኋላ መምህሩ ጎን ለጎን ጽፎ አነሣሣቸውን ያሳየው። ያን ጊዜ ዝምድናው ሁለቱን ያጠብቃል፤ ሦስተኛው ሲመጣም ማረፊያ ይኖረዋል። «ግላቭ»ንም አብሮ መጻፍ ይገባል፤ ልጁ ዝንባሌን ከሕግ የሚለየው ከቤተሰቡ የማይገጥመውን ሲያይ ነውና።

«ስልሳና ሰባ ተማሪ የያዘ መምህር ለዚህ ጊዜ ከየት ያመጣል» የሚለው ተቃውሞ ይቀራል፤ ቀላል አይደለም። መልሱ ግን ከውጭ የሚመጣ መጽሐፍ አይጠብቅም። «ዌር» እና «ዜር» በሚማሩበት ቀን «ኩን» እና «ሱን»ን ሰሌዳ ላይ መጻፍ አንድ ደቂቃ ይፈጃል፤ ልጆቹም የመጀመሪያ ድምፅ ርቀት ሊያመለክት እንደሚችል ከራሳቸው አፍ ይሰሙታል። «ስኒዝ» ሲመጣ አማርኛ የሚያውቁት ነፋን፣ ንፍጥንና አነፈነፈን እንዲጠሩ ማድረግም እንዲሁ፤ ንፍሮ የሚል ልጅ ከተነሣና ክፍሉ ከሳቀ ተቃራኒ ምሳሌውም በነጻ ተገኘ። የቁቤዋ ሲና የእንግሊዝኛዋ ሲ ልዩነት አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይገባዋል፤ ይህንንም ዘጠነኛ ክፍል ሲደርሱ ማድረግ ረፍዷል፤ እንግሊዝኛ እንደ ትምህርት ዓይነት ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ይሰጣልና ቦታው እዚያው ታች ነው።